ነዳጅ የነካቸው ፔንግዊኖችና የእኛ ዜና

ስለ ዱር እንስሳት ስንጽፍ ብዙ ጊዜ ወይ ለጎብኚ ማስታወቂያ እንሠራለን፣ ወይ «ሊጠፉ ነው» ብለን በሁለት መስመር እናልፋለን። እንስሳው ለምን እንደሚጠፋ ግን ሳይነገር ይቀራል። እስቲ አንድ ምሳሌ ከደቡብ አፍሪካ እንመልከት።

በኬፕታውን አቅራቢያ ቦልደርስ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። በትልልቅ ድንጋዮችና በነጭ አሸዋ መሀል፣ ከሰው መኖሪያ ጎን፣ የአፍሪካ ፔንግዊኖች እንቁላል ጥለው ይፈለፍላሉ። ድምፃቸው ቁርጥ የአህያ ነው! ጎብኚው ከእንጨት በተሠራ መተላለፊያ ላይ ሆኖ ያያቸዋል እንጂ ጎጇቸው ድረስ አይገባም።

እ.ኤ.አ በጁን 2000 ትሬዠር የተባለች የብረት ማዕድን የጫነች መርከብ በሮበንና በዳሰን ደሴቶች መካከል ሰጠመችና ነዳጇ ባሕሩ ላይ ፈሰሰ። 19 ሺህ ያህል ፔንግዊኖች በነዳጅ ተነከሩ። ላባው ነዳጅ ሲነካው ውሃ መከላከል ስለሚያቆም ወፉን ብርድ ይገድለዋል። በጎ ፈቃደኞች አንድ በአንድ አጠቧቸው። እኔን ከሁሉ የገረመኝ ግን ነዳጅ ላልነካቸው የተዘየደው ዘዴ ነው። ወደ 19 ሺህ 500 የሚሆኑትን ሰብስበው፣ በስተምሥራቅ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኘው ፖርት ኤልዛቤት ወስደው ባሕር ውስጥ ለቀቋቸው። ፔንግዊን ጎጆውን ስለማይረሳ በዋና ይመለሳል፤ እሱ መንገድ ላይ ሳለ ታዲያ ነዳጁ ይጸዳል። ፒተር፣ ፓሜላና ፐርሲ በተባሉ ሦስት ፔንግዊኖች ላይ የሳተላይት መከታተያ ተገጥሞ ሕዝቡ ጉዟቸውን ይከታተል ነበር። ለጋዜጠኛ ቁም ነገሩ ይኸው ነው። ለ19 ሺህ ወፍ ማዘን ይከብዳል፤ «ፒተር ዛሬ የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ግን ለማንም አይከብድም።

ሆኖም እንዲህ ያለው ታሪክ ይሸፍንብናል። የሰጠመ መርከብ ፎቶ አለው፣ ቀስ ብሎ የሚመጣ ረሃብ ግን የለውም። ፔንግዊኖቹ የሚበሉትን ሰርዲንና አንቾቪ የንግድ መርከቦችም ያጠምዱታል፤ የባሕሩም ሁኔታ በመለወጡ ዓሣው ቦታ ቀይሯል። የአፍሪካ ፔንግዊን እ.ኤ.አ በ2024 እጅግ ከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ዝርያዎች ተርታ ተመዘገበ፤ የሚራቡት ጥንዶች ከ10 ሺህ በታች ወርደዋል። በማርች 2025 ደግሞ ከፍርድ ቤት ክርክር በኋላ፣ በስድስት የመራቢያ ሥፍራዎች ዙሪያ በተከለለው ባሕር ሰርዲንና አንቾቪ ለንግድ ማጥመድ ለ10 ዓመት እንዲከለከል ተወሰነ። ይህ የካርታና የድርድር ዜና ስለሆነ ይሰለቻል፤ ለኔ ግን ከመርከቡ ዜና ይበልጣል። ጎብኚ ሁሉ የሚያውቃት ቦልደርስ እንኳ ከስድስቱ ውስጥ የለችም።