በአሮጌ ሞተር ብስክሌት ላይ ምትክ ሞተር ስለ መግጠም

የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሞተር ብስክሌት በዘር ወቅት ከቆመ የገበሬው ምክር ይዘገያል። ጋራዥ ሩቅ ከሆነ ምትክ ሞተሩን በቤት መግጠም ይቻላል። ያማሃ ኤጂ 100 እና ዲቲ 125 ባለ ሁለት ምት ናቸው፤ ይኸውም ፒስተኑ ቅባት የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ከሚገባው ዘይት ብቻ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥንቃቄ በዘይቱ መስመር ላይ ነው።

ሀ/ ማውጣት፦ ቤንዚኑ ይዘጋል። ባትሪው ይነቀላል። ካርቡራተሩ፣ ማርሚታው፣ ካቴናው፣ የፍሪሲዮንና የዘይት ፓምፑ ሽቦ ይፈታሉ። የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ከመነቀላቸው በፊት ምልክት ይደረግባቸዋል። የዘይቱ ቱቦ ጫፍ አቧራ እንዳይገባበት ይደፈናል።

ለ/ መግጠም፦ ሞተሩ ለሁለት ሰው ይነሣል። የማሠሪያ ብሎኖች ሁሉም ቦታቸውን ሳይዙ አንዱም አይጠብቅም። የማርሽ ቤቱ ዘይት ልኩ ይታያል።

ሐ/ አየር ማስወጣት፦ የዘይቱ ቱቦ ከተቀጠለ በኋላ በፓምፑ ላይ ያለው የአየር ማስወጫ ብሎን ይላላል፤ አረፋው አልቆ ዘይት ብቻ ሲፈስ መልሶ ይታሠራል። ከፓምፑ እስከ ሞተሩ ያለው ቱቦ ግን ገና ባዶ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጉዞ በ1 ሊትር ቤንዚን 50 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት ተቀላቅሎ ይሞላል። ይህ ከታለፈ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል፤ የማኅበሩ ገንዘብም ከንቱ ይቀራል።

ማሳሰቢያ፦ የሞተር ቁጥር በሊብሬው የተመዘገበ ስለሆነ ለውጡን ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ማሳወቅና የግዢውን ደረሰኝ መያዝ ያስፈልጋል።