ሌባ የሚፈራው ዓይን

አንድ ገበሬ አንበሳሜ ገበያ በሬ ሸጦ ይመለሳል እንበል። ገንዘቡን በመቀነቱ ቋጥሯል፤ መሽቷል። ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ሱቅና ጠላ ቤት ባለበት፥ ሰው በሚተላለፍበት ያልፋል። ሌላው አቋራጭ ነው፤ ግራና ቀኙ ረጅም አጥር ነው፥ በር የሚባል የለበትም። ሌባ የትኛው ላይ ይጠብቀዋል? መልሱን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

አባቶቻችን አውጫጭኝ የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው። ከብት ሲሰረቅ የአገሩ ሰው ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም። ስሙ የማይገለጸው ጠቋሚ «ወፍ» ይባል ነበር። ሌባው ካልታወቀ ኪሣራውን አገሩ ተካፍሎ ይከፍላል። የአንዱ ጉዳት የሁሉ ዕዳ መሆኑ ደግ ነው። ነገር ግን በቂም ንጹሕ ሰው ሊጠቆም ይችል ነበር። ደግሞም አውጫጭኝ የሚጠራው በሬው ከሄደ በኋላ ነው።

ወንጀልን መከላከል ማለት ግን በሬው ሳይሄድ ነው። በገጠር እንግዳ ሰው ገና ከሩቅ ይለያል፥ ውሻም ይጮኽበታል። በከተማ ማን ማንን ያውቃል? ጄን ጄኮብስ የምትባል ሴት በኒው ዮርክ ከተማ ስትኖር ይህን ነገር አጤነች። እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመችው መጽሐፍ፥ መንገድን የሚጠብቀው ፖሊስ ብቻ ሳይሆን የነዋሪው ዓይን ነው አለች፤ ባለሱቁ፥ በመስኮት የምታይ እናት፥ ደጅ የተቀመጠ ሽማግሌ። የእኛን ቡና መጠራራት ብታይ ምን ትል ይሆን!

እንግዲህ በአንበሳሜም ሆነ በወረታ ቤት የሚሠራ ሰው በሩንና መስኮቱን ወደ መንገድ ያዙር። በደጁ ያለውን ቁጥቋጦ ይመንጥር። ግንብ አጥር ሌባን ይከለክላል ይባላል፤ አንዴ ከዘለለው ግን እሱኑ ይደብቀዋል። ዓይን የሚያሳልፍ አጥር ይሻላል። ከገበያም ሲመለሱ የአንድ አቅጣጫ ሰዎች ቢጠባበቁ መልካም ነው።

ሕዝብና ፖሊስ ተመካክረው ሲጠብቁ ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ይባላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቀበሌዎች በአዋጅ ተቋቋሙ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ የቀበሌ ጥበቃ መሣሪያ የገዛ ጎረቤት ማሰሪያና መግደያ ሆነ። ስለዚህ ሮንድ በየተራ ይውጣ፤ ሁልጊዜ ያው ሰው አይሁን። የተያዘ ሰው አይደብደብ፤ ምስክር ባለበት ለፖሊስ ይሰጥ።

ከሮንዱ መካከል ማንበብና መጻፍ የሚችል አንድ ሰው ደብተር ይያዝ። ቀኑንና ሰዓቱን፥ የጠፋውን ከብት ቀለምና የጆሮውን ምልክት፥ የምስክሮቹን ስም፥ ተያዡን የተረከበውን ፖሊስ ስም እዚያው ይጻፍ፤ ፖሊሱም ይፈርም።