ንግሥት ጉንዳን እንዴት ትያዛለች?

ጥያቄ፦ ሽንዲ የምኖር የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ጉንዳን ቤቴ ውስጥ አርብቼ ኑሮውን መመልከት እፈልጋለሁ። ጉድጓዱን ቆፍሬ ንግሥቲቱን ላውጣት?

መልስ፦ አትቆፍር! ንግሥቲቱ ከጥልቁ ስለምትኖር እርሷን ሳታገኝ የሺዎችን ቤት ታፈርሳለህ። ይልቅ ክረምቱ ሲገባ፣ በግንቦትና በሰኔ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ መሬቱን ተመልከት። ወጣት ንግሥቶች ለመራባት በረው ይወጣሉ፤ ከዚያ ክንፋቸውን ጥለው ብቻቸውን መጠለያ ይፈልጋሉ። የምትይዘው ያቺን ክንፏን የጣለችውን ነው።

አሸን እንዳያሳስትህ። እርሱ ክንፋም ምስጥ ነው፤ አራቱም ክንፎቹ እኩል ናቸው፣ ወገቡም ወፍራም ነው። የጉንዳን ንግሥት ግን ወገቧ ቀጭን፣ አንቴናዋም እንደ ክርን የታጠፈ ነው። በሰልፍ የሚጓዘውን ነካሽ ጉንዳን ደግሞ ተወው፤ የእርሱ ንግሥት ከነክንፏ አትወጣም፣ ያለ ሠራዊቷም ጎጆ አትመሠርትም።

የመስታወት ቱቦ ሲሶውን ውኃ ሙላና ውኃውን በጥጥ ግታ። ንግሥቲቱን አስገብተህ አፉን በደረቅ ጥጥ ዝጋ፤ ጨለማ ቦታ አኑር። የብዙ ዝርያዎች ንግሥት የበረራ ጡንቻዋን ወደ ምግብ ለውጣ የመጀመሪያ ልጆቿን ታሳድጋለች። ስለዚህ ሠራተኞቹ እስኪወጡ አትመግባት፣ በየቀኑም አትነካካት፤ ይህ ትዕግሥት ከሁሉ ይከብዳል። ከዚያ ጥቂት የማር ጠብታና የሞተ ዝንብ ይበቃቸዋል።

አንዲት ወይም ሁለት ንግሥት ብቻ ውሰድ፤ ለሽያጭ አትልቀም። በ2017 ዓ.ም. ኬንያ ውስጥ 5,000 ገደማ ጉንዳን ይዘው የተገኙ ሁለት ቤልጅየማውያን ወጣቶች እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን ሽልንግ ተቀጥተዋል።