ጥቁሩ ሸክላማ አፈርና ሶዲየም፦ መስኖ ከመጀመሩ በፊት መለየት የሚገባው ነገር



በየአጥቢያው የጓሮ አትክልት፣ የችግኝ ጣቢያ ወይም አነስተኛ የመስኖ እርሻ ለመጀመር ሲታሰብ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ውኃ ከየት እናገኛለን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን አብሮት ሊነሣ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ይህ አፈር ያንን ውኃ ሲቀበል ምን ይሆናል?» የሚል ነው። ይህ ሳይመለስ የተጀመረ መስኖ ደኅናውን ማሳ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዘር የማያበቅል ደረቅ ንጣፍ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ሸክላ የበዛበት አፈር ሶዲየም ሲገባበት የሚያሳየውን ጠባይ፣ የሚመደብባቸውን ክፍሎችና በአጥቢያ ደረጃ ሊደረግ የሚችለውን ምርመራ እንመለከታለን።

፩. የሸክላማው አፈር ጠባይ

ገበሬያችን እንደየአካባቢው መረሬ፣ ዋልካ ወይም ኮትቻ እያለ የሚጠራው ጥቁር አፈር በሳይንሱ አጠራር ቨርቲሶል ይባላል። በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት እንደሚሸፍን ይገመታል፤ ከዚህም 7.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህሉ በደጋው ክፍል ይገኛል። አንድ አፈር በዚህ ስም እንዲጠራ ቢያንስ 30 በመቶው ደቃቅ የሸክላ ቅንጣት መሆን አለበት። ሸክላው ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር ዓይነት ነው። በክረምት ያብጣል፣ ይጣበቃል፣ ውኃ ይተኛበታል፤ በበጋ ደግሞ በጥልቀት ይሰነጠቃል። ለማረስ የሚመቸው ጊዜም አጭር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። አፈሩ ጥቁር መሆኑና ውኃ መያዙ ብቻ ሶዲየም እንዳለበት አያሳይም። አብዛኛው የደጋ መረሬ ካልሲየምና ማግኒዚየም የሞላበት ለም አፈር ነው። ዋና ችግሩ የውኃ መተኛት ስለሆነ መፍትሔውም ማጠንፈፍ ነው። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ከነቤተሰባቸው ሰፊ መደብና ቦይ በእጃቸው እያወጡ ይህን ችግር ሲያቃልሉ ኖረዋል። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም ይኸው ሥራ በበሬ በሚጎተት፣ መደብና ቦይ በሚያወጣ ማረሻ እንዲከናወን ተሞክሯል። ሶዲየም የበዛበት ሸክላ ግን ሌላ በሽታ ነው፤ ማጠንፈፍ ብቻውን አያድነውም።

፪. ሶዲየም ሸክላውን እንዴት ያፈርሰዋል?

የሸክላ ቅንጣት እጅግ ቀጭን ዝርግ ነው፤ ገጹም አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል። ስለዚህ አዎንታዊ ሙል ያላቸውን ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ፖታሲየምና ሶዲየም ወደ ራሱ ይስባል። ካልሲየም ሁለት ሙል ስላለው ቅንጣቶቹን አቀራርቦ ይይዛቸዋል። በዚህም ምክንያት አፈሩ እንደ ፍርፋሪ ይሆናል፤ በፍርፋሪውም መካከል ውኃና አየር ያልፋል። ሶዲየም ግን አንድ ሙል ብቻ ያለው ሲሆን ዙሪያውን ብዙ ውኃ ይይዛል፤ ስለዚህ ቅንጣቶቹን ያራርቃቸዋል። ዝናብ ወይም ንጹሕ ውኃ ሲያገኙ ተለያይተው በውኃው ውስጥ ይንሳፈፋሉ፤ ከዚያም የአፈሩን ቀዳዳዎች ይደፍናሉ።

ውጤቱ በማሳው ላይ ይታያል። ውኃ ከላይ ይቆማል እንጂ ወደ ውስጥ አይሰርግም። ሲደርቅ ገጹ ጠንካራ ቅርፊት ይሠራል፤ ቡቃያውም ሰብሮት መውጣት ያቅተዋል። ሥር አየር ያጣል። የአፈሩ አልካላይነት ስለሚጨምር ዚንክና ብረት የመሳሰሉት ንጥረ ነገሮች ለተክሉ በቀላሉ አይደርሱም። አንዳንድ ጊዜ የበሰበሰው የዕፅዋት ቅሪት ሟሙቶ በገጹ ላይ ጥቁር ቅባት መሰል ነገር ይተዋል። ይህን ያየ ሰው አፈሩ የለማ ሊመስለው ይችላል፤ ምልክቱ ግን የጉዳት ነው።

፫. አመዳደቡ

እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ የጨዋማ አፈር ቤተ ሙከራ ያወጣው አመዳደብ እስከ ዛሬ በሰፊው ይሠራበታል። አመዳደቡ በሦስት ልኬቶች ላይ የቆመ ነው። የመጀመሪያው በአፈሩ ውስጥ የሟሟው ጨው መጠን ሲሆን የሚለካው በኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ነው፤ መለኪያውም ዴሲሲመንስ በሜትር ይባላል። ሁለተኛው ከሸክላው ጋር ከተያያዙት ንጥረ ነገሮች መካከል ሶዲየም በመቶኛ የያዘው ድርሻ ነው። ሦስተኛው ፒኤች ነው።

ሀ) ጨዋማ አፈር፦ አስተላላፊነቱ ከ4 በላይ፣ የሶዲየም ድርሻው ከ15 በመቶ በታች፣ ፒኤቹ ከ8.5 በታች። በበጋ ነጭ ጨው በገጹ ላይ ይታያል፤ የአፈሩ አሠራር ግን አልፈረሰም።

ለ) ሶዲየም የበዛበት (ሶዲክ) አፈር፦ አስተላላፊነቱ ከ4 በታች፣ የሶዲየም ድርሻው ከ15 በመቶ በላይ፣ ፒኤቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ8.5 በላይ። ነጭ ጨው ላይታይበት ይችላል፤ አሠራሩ ግን ፈርሷል።

ሐ) ጨዋማና ሶዲየማማ አፈር፦ አስተላላፊነቱ ከ4 በላይ፣ የሶዲየም ድርሻውም ከ15 በመቶ በላይ።

ስሌቱን በምሳሌ እንመልከት። የቤተ ሙከራ ውጤት አፈሩ በጠቅላላው 40 አሐድ የመያዝ ችሎታ እንዳለውና ከዚህ 8ቱን ሶዲየም እንደያዘው ቢያሳይ፣ 8 ለ40 ሲካፈል 20 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ አፈሩ ከወሰኑ አልፏል። ሆኖም 15 በመቶ የማይናወጥ ግንብ አይደለም። በአውስትራሊያ የሚሠራበት ወሰን 6 በመቶ ነው፤ ሸክላ የበዛበት አፈር በአነስተኛ ሶዲየምም ሊጎዳ ስለሚችል ነው።

በዓለም አቀፉ የአፈር አመዳደብ ደግሞ ስያሜው በአፈሩ ንብርብር ይወሰናል። ከሥር ሸክላ የተከማቸበትና ሶዲየም የበዛበት፣ ብዙ ጊዜም እንደ ዓምድ የቆመ ንብርብር ያለው አፈር ሶሎኔትዝ ይባላል። ይህ ንብርብር ሳይኖረው የሚያብጥና የሚሰነጠቅ፣ ሶዲየምም የበዛበት ሸክላ ሶዲክ ቨርቲሶል ይባላል።

፬. ጨው የሚሸፍነው ጉዳት

የዚህ ትምህርት ዋና ቁም ነገር ከዚህ ላይ ነው። በሦስተኛው ክፍል አፈር ውስጥ ያለው ብዙ ጨው የሸክላ ቅንጣቶቹ እንዳይበታተኑ ያደርጋል። ስለዚህ አፈሩ ገና ደኅና ይመስላል። ኮሚቴው «ጨው ነው፤ በንጹሕ ውኃ እንጠበው» ብሎ ቢወስን አስቀድሞ የሚሄደው የሟሟው ጨው ነው። ከሸክላው ጋር የተያያዘው ሶዲየም ግን በቦታው ይቀራል። በዚያን ጊዜ ሸክላው ይፈርሳል፤ ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ፤ ከዚያ በኋላ ውኃ ስለማይሰርግ ማጠቡን መቀጠል እንኳ ያስቸግራል። ለጨዋማው አፈር መድኃኒት የሆነው ሥራ ለዚህኛው ጉዳት ይሆናል ማለት ነው። ከማጠብ በፊት መለየት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ኖራ መጨመር ነው። ኖራ ለኮምጣጣ አፈር የታወቀ መድኃኒት ስለሆነ «አፈር የታመመ እንደሆነ ኖራ ይሻለዋል» የሚል አስተሳሰብ ሊኖር ይችላል። ሶዲየም የበዛበት አፈር ግን ከኮምጣጣው ተቃራኒ ነው። በእንዲህ ያለ አልካላይ አፈር ውስጥ ኖራ እጅግ ጥቂት ብቻ ስለሚሟሟ በውስጡ ያለው ካልሲየም ለሸክላው አይደርስም።

፭. የውኃው ነገር

ሶዲየም ከአፈሩ ብቻ ሳይሆን ከውኃውም ይመጣል። በስምጥ ሸለቆ ከሚገኙት የከርሰ ምድር ውኃዎች ብዙዎቹ ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛባቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ውኃ በሸክላማ ማሳ ላይ ሲለቀቅ ባይካርቦኔቱ የአፈሩን ካልሲየም ወደ ደረቅ ኖራነት ይለውጠዋል፤ የካልሲየሙንም ቦታ ሶዲየም ይወስደዋል። ለመጠጥ ተመርምሮ የተፈቀደ ጉድጓድ ለመስኖም ይሆናል ማለት አይደለም። የመስኖ ምርመራ ለብቻው መጠየቅ አለበት።

የአዋሽ ሸለቆ ለዚህ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። በመካከለኛው አዋሽ በአሚባራ አካባቢ ሰፊ የጥጥ መስኖ ከተዘረጋ በኋላ፣ በቂ ማጠንፈፊያ ባልነበረበት ቦታ የከርሰ ምድር ውኃ ወደ ላይ ከፍ አለ። ሙቀቱ ውኃውን ሲያተንነው ጨውና ሶዲየም በአፈሩ ላይ ቀሩ፤ ብዙ ማሳም ከምርት ውጭ ሆነ። በመተሐራ አጠገብ ያለው አልካላይ የበሰቃ ሐይቅም ካለፈው ምእተ ዓመት አጋማሽ ወዲህ እጅግ እየሰፋ በዙሪያው ላለው እርሻ ስጋት ሆኗል።

፮. የብርጭቆ ምርመራ

ቤተ ሙከራ ከመሄድ በፊት ኮሚቴው በቀላሉ ሊያደርገው የሚችል ምርመራ አለ።

1. ከማሳው በተለያዩ ቦታዎች፣ ከ0–15፣ ከ15–30 እና ከ30–60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ይወሰድ፤ በጥላ ይድረቅ።
2. የዝናብ ውኃ ባለበት ንጹሕ ብርጭቆ ውስጥ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ጓል በቀስታ ይቀመጥ፤ ብርጭቆው አይነቃነቅ።
3. ከ10 ደቂቃ፣ ከ2 ሰዓትና ከአንድ ቀን በኋላ ይታይ።

ጓሉ ሳይፈርስ ከቆየ ወይም ፈርሶ ውኃው ጥሩ እንደሆነ ከቀረ የሶዲየም ምልክት አልታየም፤ መፍረሱ ብቻ የፍግና የብስባሽ ማነስን ሊያመለክት ይችላል። በጓሉ ዙሪያ እንደ ወተት ያለ ድፍርስ ከታየ ግን ሶዲየም መኖሩን መጠርጠር ይገባል። ሆኖም ከላይ እንደተባለው ብዙ ጨው ያለበት አፈር ድፍርሱን ሊደብቅ ይችላል። ስለዚህ ብርጭቆው ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም፤ የመጨረሻው ቃል የአፈር ቤተ ሙከራ ነው።

፯. መድኃኒቱና ዋጋው

የተለመደው መድኃኒት ሕዝባችን ጀሶ በሚለው ስም የሚያውቀው ጂፕሰም ነው። ለአፈር የሚውለው ግን ለግንብ የተቃጠለው ሳይሆን ተፈጭቶ የቀረበው ጥሬ ማዕድን ነው። ካልሲየሙ የሶዲየሙን ቦታ ይይዛል፤ የወጣው ሶዲየም ደግሞ በውኃ ታጥቦ ከሥር ባለው ማጠንፈፊያ ይሄዳል። ማጠንፈፊያ ከሌለ ሶዲየሙ መውጫ ስለሌለው ድካሙ ከንቱ ነው።

በምሳሌው አፈር ላይ የሶዲየሙን ድርሻ ከ20 ወደ 10 በመቶ ለማውረድ 4 አሐድ መነሣት አለበት። ለላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ለእያንዳንዱ አሐድ በሄክታር 4 ቶን ገደማ ንጹሕ ጂፕሰም ስለሚያስፈልግ ጠቅላላው ወደ 16 ቶን ይደርሳል። ግዢው፣ ማጓጓዣውና ጉልበቱ ሲታሰብ መከላከል ከማዳን ምን ያህል እንደሚቀል ግልጽ ነው።

ከጂፕሰሙ ጋር ፍግና ብስባሽ መጨመር፣ ማሳውን በሣር መሸፈን፣ አፈሩ ረጥቦ ሳለ አለማረስ ይረዳል። በተፈጥሮው ኖራ ባለበት አፈር የሚበሰብሰው ፍግና የተክል ሥር የሚያወጡት ጋዝ ያንን ኖራ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ገብስ፣ ጥጥና የሮደስ ሣር ከሌሎች ይልቅ ይታገሣሉ፤ ባቄላ ግን ቶሎ ይጎዳል።

ምድር የተሰጠችን በአደራ ነው፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ልጆችም ያርሱባታል። አንድ ኮሚቴ ጉድጓድ ከማስቆፈሩ በፊት የአፈርና የውኃ ምርመራ ወጪን በዕቅዱ ቢያስገባ የአጥቢያውን ገንዘብም መሬቱንም ጠበቀ ማለት ነው።

ለውይይት

1. በአጥቢያችን ማሳ ላይ ውኃ የሚተኛው በሸክላው ብዛት ብቻ ነው ወይስ የሶዲየም ምልክት ይታያል? በምን ለየነው?
2. የምንጠቀምበት የጉድጓድ ውኃ ለመስኖ ተመርምሯል?
3. ታጥቦ የሚወጣው ውኃ የሚሄድበት ቦይ አለን? ወደ ጎረቤት ማሳስ እንዳይገባ ምን አድርገናል?