የሲፍሪያ ረዳት ሠራተኛ ሥራዋ ምንድን ነው? በምንስ ትመዘናለች?



በቅርቡ አንዲት እናት ሁለት ገጽ ወረቀት በቦርሳቸው ይዘው ወደ እኛ መጡ። ወረቀቱ በዕብራይስጥ የተሞላ ነው፤ ከግርጌው የእሳቸው ፊርማ አለበት። «ፈርሜአለሁ፤ ግን ምን ላይ እንደ ፈረምኩ አንብቡልኝ» አሉን።

እኚህ እናት ብዙ ዓመት በጽዳት ሥራ ከቆዩ በኋላ፣ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲፍሪያ (ቤተ መጻሕፍት) የሳፍራኒቷ ረዳት ሆነው በሐጺ ሚስራ፣ ማለትም በግማሽ ሥራ፣ ተቀጥረዋል። ዘንድሮ አራተኛ ዓመታቸው ነው። ይዘውት የመጡት የዓመቱን የሥራ ግምገማ ነበር። «መደርደሪያን በሥርዓት መያዝ፦ ጥሩ። ከልጆች ጋር ያለ ግንኙነት፦ በጣም ጥሩ» ይልና ዝቅ ብሎ «ኮምፒዩተር፦ ደካማ። ዮዝማ (በራስ ተነሣሽነት)፦ ደካማ» ይላል። ከሥሩም «ከተነገራት ውጪ አትሠራም» የሚል አንድ መስመር ተጨምሯል።

አንብበን ስንጨርስ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «የሲግድን ጠረጴዛ በየዓመቱ የሚያዘጋጀው ማን መሰላቸው?» አሉ። መሶቡን፣ ስፌቱንና ጥልፍ ቀሚሱን ከቤታቸው ተሸክመው የሚወስዱት፣ ለልጆቹም የበዓሉን ትርጉም የሚያስረዱት እሳቸው ናቸው። በሁለቱ ገጾች ላይ ግን ሲግድ የሚል ቃል የለም።

ስለዚህ ሥራ ሌሎችም ስለሚጠይቁን ዛሬ በሰፊው እናየዋለን።

በመጀመሪያ ሥራው ራሱ። ረዳቷ መጽሐፍ ታውሳለች፣ ስትቀበል ትመዘግባለች፣ የተቀደደውን ትለጥፋለች፣ አዲስ ለገባው ቁጥር ያለበትን ወረቀት ጀርባው ላይ ትለጥፋለች፣ ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል ልጆች ኒቁድ ያለበትን መጽሐፍ ለይታ ታቀርባለች። ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚወስደው መደርደሪያውን መጠበቅ ነው። ቦታውን የሳተ መጽሐፍ እንደ ጠፋ ይቆጠራል፤ በኮምፒዩተሩ ላይ «አለ» ይላል፣ ልጁ ግን አያገኘውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር እናሳያችሁ። ብዙ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍን የሚደረድሩት ሜልቪል ዲዊ የተባለ አሜሪካዊ በ1876 ባወጣው የቁጥር አከፋፈል ነው። ሃይማኖት በ200ዎቹ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ በ500ዎቹ፣ ታሪክና ጂኦግራፊ በ900ዎቹ ይቀመጣሉ። የአይሁድ እምነት መጻሕፍት ቁጥር 296 ነው። ታዲያ 296.4 እና 296.12 የሚል ሁለት መጽሐፍ ቢሰጣችሁ የትኛውን ታስቀድማላችሁ? ብዙዎች 4 ከ12 ያንሳል ብለው 296.4ን ያስቀድማሉ። ትክክሉ ግን 296.12 ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር አንድ በአንድ ይነበባልና፣ 1 ከ4 ይቀድማል። ይህን ያሳያት ሰው የሌለ ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ ስትሳሳት ትከርምና በግምገማው ላይ «ጥንቃቄ ይጎድላታል» ይባላል። ሊጻፍ የሚገባው ግን «አልተማረችም» ነበር።

ልብ ወለድ ደግሞ በደራሲው የቤተሰብ ስም በአሌፍ ቤት ተራ ይደረደራል። በእኛ ልማድ ሰው የሚጠራው በስሙና በአባቱ ስም ስለሆነ፣ የእኛ ሰዎች የጻፏቸው መጻሕፍት በየትኛው ስም እንደሚቀመጡ አንዳንዴ ግራ ያጋባል። ረዳቷ በራሷ ቦታ ባትቀይር ይሻላል፤ ለሳፍራኒቷ ትንገራት።

የትኞቹን መጻሕፍት እንግዛ፣ የትኞቹን እናስወግድ የሚለው ውሳኔ የሳፍራኒቷ እንጂ የረዳቷ አይደለም። መምህር በቀረ ቁጥር ሠላሳ ልጅ ብቻዋን መጠበቅም በቃል የሚጣልባት ሥራ መሆን የለበትም፤ አንድ ልጅ ወድቆ ቢጎዳ ተጠያቂው ማን እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። እናንት ወላጆችም አንድ ነገር እወቁልን፤ ልጃችሁ ምን ተውሶ እንዳልመለሰ ብትጠይቋት ትነግራችኋለች፣ የጎረቤት ልጅ ምን እንደሚያነብ ግን አትንገራችሁ። ብትነግራችሁ ጥፋት ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። እኚህን እናት በመጀመሪያ የጠየቅናቸው «ስትቀጠሩ ሥራዎ ምን እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት ተሰጥቶዎታል?» ብለን ነው። አልተሰጣቸውም። በእስራኤል ከ2002 ጀምሮ ባለው ሕግ መሠረት አሠሪ ሠራተኛው ሥራ በጀመረ በ30 ቀን ውስጥ «ሆዳዓ ላኦቬድ» የሚባል የጽሑፍ ማስታወቂያ መስጠት አለበት። በዚያ ላይ ሥራው የተጀመረበት ቀን፣ ደመወዙ፣ የሥራ ሰዓቱ፣ የዕረፍት ቀኑ ይጻፋል። ለዛሬው ጉዳያችን ዋናዎቹ ግን ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የሥራው ዋና ዋና ተግባርና የቅርብ አለቃው ማንነት። ወረቀቱ ያልተሰጠው ሠራተኛ ስለ ሥራ ውሉ ክርክር ተነሥቶ ፍርድ ቤት ቢደርስ፣ በማስታወቂያው ላይ መጻፍ በነበረበት ነገር የማስረዳቱ ሸክም ወደ አሠሪው ሊዞር ይችላል።

አሠሪያችሁ ማን እንደሆነም እርግጠኛ ሁኑ። በትምህርት ቤት ውስጥ የምታዛችሁ ርእሰ መምህሯ ብትሆንም፣ ቀጣሪያችሁ ኢሪያው፣ አንድ ዓሙታ ወይም ካብላን ሊሆን ይችላል። በትሉሹ (በደመወዝ ወረቀቱ) አናት ላይ የተጻፈውን ስም አንብቡ። ጥያቄም ሆነ ቅሬታ የሚጻፈው ለእሱ ነው።

ግምገማውን በተመለከተ፣ እውነቱን ለመናገር አንዱ ችግር ከእኛው አስተዳደግ ይመጣል። ስለ ራሱ ሥራ የሚያወራ ሰው በእኛ ዘንድ አይከበርም፤ ሥራው ራሱ ይናገርለት ይባላል። ልጃችን እያዘነች ከሥራ ስትመጣም «ዝም በይ፣ እንጀራሽ ነው» እንላታለን። እዚህ አገር ግን ገምጋሚው የሚጽፈው ያየውንና የተነገረውን ነው። ማንም ሳያይ የተለጠፉ አርባ መጻሕፍት በወረቀቱ ላይ አይገቡም። ስለዚህ ትንሽ ደብተር ይያዝ። ቀኑ፣ የተሠራው ሥራ፣ ያዘዘው ሰው፣ ከሰዓት ውጪ ከሆነም ስንት ሰዓት እንደፈጀ ይጻፍበት። በአማርኛ ቢጻፍም ይበቃል። ከሰዓት ውጪ የተሠራ ሥራ ክፍያ አለው፤ የሲግድ ጠረጴዛም በትምህርት ቤቱ ጥያቄ ከሆነ እንደ ሥራ ይመዝገብ።

ወረቀቱ ሲቀርብ እዚያው አትፈርሙ። «ቤት ወስጄ ላንብበው» ማለት ነውር አይደለም። መፈረም ግድ ከሆነም ከፊርማው ጎን «ቃራቲ፣ አቫል ኤይኔኒ ማስኪማ» ብላችሁ ጻፉ፤ አንብቤአለሁ፣ ግን አልስማማም ማለት ነው። ወንድ ከሆነ «ማስኪም» ይላል። ቅጂውን ተቀበሉ። ደካማ ለተባለው እያንዳንዱ ነገር ምሳሌ ጠይቁ። «ዕብራይስጥሽ» ከተባለች ደግሞ የትኛው ሥራ በዚያ ምክንያት እንደተበላሸ ትጠይቅ። በ1988 የወጣው የሥራ እኩል ዕድል ሕግ ሰው በትውልድ አገሩ ምክንያት በሥራው እንዳይበደል ይከለክላል፤ አቤቱታ የሚቀበል ኮሚሽንም አለ።

ክፉ ግምገማ አንዳንዴ ወደ ስንብት ያመራል። አሠሪ ሠራተኛን ከማሰናበቱ በፊት ሺሙዓ ማድረግ አለበት፤ የቀረበባት ክስ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ይነገራታል፣ ቃሏም ይሰማል። የሚወክላት ሰው ይዛ መግባትም ትችላለች። ለሺሙዓ የተጠራ ሰው ብቻውን አይሂድ።

እኚህ እናት ቀደም ብለው ፈርመዋል፤ ያም ቢሆን መልስ መጻፍ አልቀረባቸውም። አብረን ግማሽ ገጽ ደብዳቤ አዘጋጀን። የኮምፒዩተሩን ፕሮግራም ማንም እንዳላስተማራቸው ገልጸው የትምህርት ቀን እንዲቆረጥላቸው፣ የሥራቸውም ዝርዝር በጽሑፍ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። የአራቱን ዓመት የሲግድ ዝግጅትም ጨመሩበት፤ ልጃቸው በስልኳ ያነሣቻቸው ፎቶዎች ነበሩና እነሱም ተያያዙ። ከርእሰ መምህሯ ጋር ለመነጋገር የሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ ተቀጥረዋል። ደብተሩን ከአሁኑ ገዝተዋል።