አንዲት የእሳት ራት መቼ ማስረጃ ትሆናለች?

ምሽት ላይ በመልካ ጀብዱ ከመንገድ መብራት ሥር የቆመ ሰው በአምፖሉ ዙሪያ የሚዞሩ የእሳት ራቶችን ያያል። ከእነርሱ አንዷ ለአካባቢው እንግዳ ብትሆንስ? «አይቻለሁ» ማለት ብቻ በሳይንስ ማስረጃ አይሆንም። በፊዚክስ ቤተ ሙከራ አሃዱና የስህተት መጠኑ ያልተገለጸ ቁጥር ልኬት እንደማይባል ሁሉ፣ ቦታዋ፣ ቀኗና የዝርያዋ መለያ ያልተጻፈላት የእሳት ራትም እንደ ተመዘገበች አትቆጠርም።

ጉዳዩ የዕውቀት ጉጉት ብቻ አይደለም። የአሜሪካ መጤ ተምች (ስፖዶፕቴራ ፍሩጂፐርዳ) የተባለችው የእሳት ራት መነሻዋ የአሜሪካ አህጉር ሞቃት ክፍል ነው። በአፍሪካ የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፣ በ2017 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሸካ ዞን፣ የኪ ወረዳ ታየች። አባጨጓሬዋ ከሁሉ አስቀድሞ በቆሎን፣ እንዲሁም ማሽላን ያጠቃል። በድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎች ደግሞ ዋናው እህል ማሽላ ነው።

ዝርያን መለየት

አባጨጓሬው በግንባሩ ላይ የ«ሰ»ን ፊደል የሚመስል ነጣ ያለ ምልክት፣ በጅራቱ አጠገብም በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች አሉት። ክንፍ ያወጣችው ግን ከዘመዶቿ ጋር በቀላሉ ትምታታለች። ስለሆነም ፎቶግራፍ ብቻ አይበቃም፤ ናሙናው ተጠብቆ በነፍሳት ባለሙያ ሊመረመር ይገባል።

ብርሃኑ ራሱ መሣሪያ ነው

የእሳት ራቶች ዓይን እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ያያል። የሞገድ ርዝመቱ 350 ናኖሜትር የሆነ አንድ ፎቶን 3.5 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ጉልበት ሲኖረው፣ የሶዲየም አምፖል ቢጫ ብርሃን (589 ናኖሜትር) ግን 2.1 ያህል ብቻ አለው። አልትራቫዮሌት የሚያመነጨው የሜርኩሪ አምፖል ከሶዲየሙ ይበልጥ ነፍሳትን የሚሰበስበው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ደግሞ፣ በራሪ ነፍሳት ጀርባቸውን ወደ ብርሃን ማዞር ልማዳቸው ነው። ሰማዩ ከምድር ይልቅ ብሩህ በሆነበት የተፈጥሮ ሌሊት ይህ ሚዛናቸውን ይጠብቅላቸዋል፤ በአምፖል አጠገብ ግን አቅጣጫቸውን አስቶ ያዞራቸዋል።

እንግዲህ በአንድ ሌሊት 5፣ በሌላው 20 የእሳት ራቶች ብንቆጥር ቁጥራቸው በእርግጥ ጨምሯልን? አምፖሉ ተለውጦ ወይም ጨረቃ ጠፍታ ከሆነ የተለወጠው መለኪያችን ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ከቀኑና ከቦታው ጋር ሰዓቱ፣ የአምፖሉ ዓይነት፣ የጨረቃዋ ሁኔታ፣ ነፋሱና ሙቀቱ ይጻፋሉ። ምንም ያልተገኘበት ሌሊትም «0» ተብሎ ይመዘገባል፤ ዜሮም ልኬት ነውና።

ከድሬዳዋ የተገኘ ትምህርት

የምዝገባን ጥቅም ድሬዳዋ በሌላ ነፍሳት አይታዋለች። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የእስያ የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 በባሕር ዳርቻዋ ጅቡቲ፣ በ2016 በቀብሪ ደሀር ተገኘች። በ2022 በድሬዳዋ የወባ ወረርሽኝ ሲነሣ፣ በውኃ ማጠራቀሚያዎች የምትራባው ይህችው ትንኝ ከወረርሽኙ ጋር መያያዟን ተመራማሪዎች አረጋገጡ። ቀደም ብለው የተያዙት መዝገቦች ምን መፈለግ እንዳለበት አመልክተው ነበር።

ስለዚህ በመልካ ጀብዱም ሆነ በሌላ ቦታ የሚኖር ተማሪ አንድ ደብተርና አንድ መብራት ካለው ሥራውን ዛሬ ማታ ሊጀምር ይችላል። በየሳምንቱ በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ አምፖል ሥር ይቁጠር፤ ያላወቃትንም በግምት ከመሰየም ይልቅ «አልታወቀችም» ብሎ ይጻፍ።