ስለ ባዘቃ መብራት

ባዘቃ እንደ ውሃ የሚፈስ፥ እንደ ብር የሚያበራ ማዕድን ነው። በፍሎረሰንት መብራት ውስጥ ጥቂት ባዘቃ ይገኛል፤ ቱቦው ሲሰበር በንኖ ከአየር ጋራ ይደባለቃል፤ አእምሮንና ኩላሊትን ይጐዳል፤ ይልቁንም ሕፃናትን።

በጃፓን አገር፥ በሚናማታ፥ አንድ ፋብሪካ ባዘቃ ያለበትን እድፍ ወደ ባሕር ያፈስ ነበር። ዓሣውን የበላ ሰው ታመመ፤ በሽታውም በ1948 ዓ.ም. ታወቀ። ስለዚህ መንግሥታት በ2006 ዓ.ም. በሚናማታ ስም የተጠራውን ውል ተፈራረሙ። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ደግሞ በጄኔቫ ተሰብስበው፥ ለተራ ብርሃን የሚያገለግለው ረጅሙ ቱቦ ከታኅሣሥ 2020 ዓ.ም. በኋላ እንዳይሠራ፥ ከአገር ወደ አገርም እንዳይሻገር ቈረጡ። በኢትዮጵያም የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300/1995 ማንም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል።

ነገሩ ለአፋር ምድር ይብሳል። የአዋሽ ወንዝ በአዋሽ ከተማና በሰመራ አቅራቢያ አልፎ በአቤ ሐይቅ ይቀራል እንጂ ከባሕር አይደርስም። ስለዚህ በላይኛው አገር የተጣለ መርዝ በታችኛው ይጠራቀማል፤ ሰውም ከብትም ከዚያው ውሃ ይጠጣል።

እንግዲህ በትምህርት ቤት ቱቦ ቢሰበር፥ መምህሩ ልጆቹን አስወጥቶ መስኮቱን ይክፈት፤ ሩብ ሰዓትም ይቈይ። ከዚያ ስባሪውን በወፍራም ወረቀት ያንሣ፤ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ይወልውል እንጂ በመጥረጊያ አይጥረግ፤ የሰበሰበውንም ክዳን ባለው ጠርሙስ ይዝጋው። ወደ ወንዝ አይጣል፤ አይቃጠልም። ሽማግሌዎችም አዲስ መብራት ሲገዛ ባዘቃ የሌለበት ኤልኢዲ የተባለው እንዲሆን ይምከሩ።

ጥያቄ፤ የአዋሽ ውሃ ወዴት ይሄዳል? በውስጡ የተጣለውስ?